የአነዳድ ውበት፦ ከኮፒ እስከ መርክስ የነበሩ የመንገድ ብስክሌተኞች

ከ1940ዎቹ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የነበረውን የአውሮፓ የመንገድ ብስክሌት ውድድር ብዙ አፍቃሪዎች ክላሲክ ዘመን ይሉታል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚያ ዘመን ብስክሌተኞች የሚታወሱት በድላቸው ብዛት ብቻ አይደለም። አነዳዳቸውም ይታወሳል። የጀርባቸው አጎነባበስ፣ የክርናቸው አስተጣጠፍ፣ እግራቸው ፔዳሉን የሚያዞርበት መንገድ። አብዛኛውን ጊዜ የራስ ቁር አያደርጉም፤ ቀጭን የጨርቅ ኮፍያ ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ፊታቸው በግልጽ ይታያል። ብስክሌት የሚያውቅ ተመልካች የማልያውን ቁጥር ሳያነብ፣ ከአቀማመጡ ብቻ ማን እየመጣ እንደሆነ ይለይ ነበር።

ጥሩ አነዳድ የሚባለው ከወገብ በላይ ጸጥ ያለ ነው። ትከሻ አይወዛወዝም፣ ራስ አይነቀነቅም። እጅ መሪውን አንቆ አይዝም፤ ያርፍበታል እንጂ። ሥራው ሁሉ ከወገብ በታች ነው። እግር ፔዳሉን ወደ ታች ብቻ አይደቁሰውም፤ ሳያቆራርጥ ክብ አድርጎ ያዞረዋል። ይህ ለታይታ አልነበረም። የሚላን–ሳን ሬሞ ውድድር ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያ ርቀት ላይ እያንዳንዷ ከንቱ እንቅስቃሴ ጉልበት ትበላለች፤ የኋላ ኋላ ዳገት ላይ ታስከፍላለች።

ይህን አነዳድ የሚማሩት በብርዱ ወራት ነው። ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ ቋሚ ማርሽ ባለው ብስክሌት ይለማመዱ ነበር። በእሱ ላይ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። እግርን ማሳረፍ ብሎ ነገር የለም። ለሳምንታት እንዲህ የነዳ ሰው እግሩ ሳይወድ በግድ ክብ ማዞር ይለምዳል። ሌሎቹም ጣሪያ ባለው ቬሎድሮም (ክብ የብስክሌት መወዳደሪያ) ውስጥ የስድስት ቀን ውድድሮች ላይ ይሳተፉ ነበር።

ብስክሌቱ ራሱም ጥንቃቄ ያስተምራል። አካሉ የብረት ቱቦ ነው። ጫማን ከፔዳል ጋር የሚያስረው የቆዳ ማሰሪያ ነው። ጋላቢው ከመጨረሻው ፍጥጫ በፊት ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን በእጁ ያጠብቃል። ካጠበቀው በኋላ ከወደቀ ከነብስክሌቱ ነው የሚወድቀው። ጎማና ካላማዳሪያው አንድ ላይ የተሰፋ ነበር። መለዋወጫውን ትከሻቸው ላይ አጣጥፈው ጠምጥመው ይሄዱ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ማርሽ አቀያየራቸው ነው። በ1940ዎቹ የጣሊያኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ካምፓኞሎ፣ ካምቢዮ ኮርሳ የሚባል መቀየሪያ ነበረው። ሁለት ዘንጎች ከኮርቻው ሥር ተነስተው ወደ ኋላ ጎማ ይወርዳሉ። ጋላቢው እየሄደ እጁን ወደ ኋላ ይሰዳል። በአንደኛው ዘንግ የኋላ ጎማውን ያላላል። አዎ፣ ብስክሌቱ እየሄደ ነው ጎማው የሚላላው። ከዚያ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረ በሁለተኛው ዘንግ ሰንሰለቱን ወደሚፈልገው ጥርስ ያሻግራል። ጎማው ቦታውን ሲይዝ መልሶ ያጠብቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዳገት ሊጀምር ሲል፣ ተቀናቃኙ በዓይኑ እየተከታተለው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የተቀመጠ ሰው ዘና ብሎ ሲነዳ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

በውበት ረገድ ቀድሞ የሚጠራው ስም ፋውስቶ ኮፒ ነው። የተወለደው በ1919 በሰሜን ጣሊያን ካስቴላኒያ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ደረቱ ሰፊ፣ እግሮቹ ቀጫጭንና ረጃጅም ነበሩ። ከብስክሌቱ ሲወርድ ያን ያህል አያምርበትም ነበር። ኮርቻ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ዳገት ላይ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከኮርቻው አይነሳም፤ ቁጭ ብሎ እግሩን በእኩል ምት እያዞረ ይርቃል። በ1949 ጂሮ ዲ ኢታሊያ በሚባለው ብዙ ቀን የሚፈጅ የጣሊያን ዙር ውድድር፣ ከኩኒዮ እስከ ፒኔሮሎ ባለው የአንድ ቀን ጉዞ አምስት የአልፕስ ተራሮችን አቋርጦ 192 ኪሎ ሜትር ለብቻው ነዳ። ሁለተኛ የወጣው ተቀናቃኙ ጂኖ ባርታሊ የደረሰው ከ11 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ በኋላ ነው። ኮፒ አምስት ጂሮና ሁለት ቱር ደ ፍራንስ (የፈረንሳይ ዙር ውድድር) አሸንፎ፣ በጥር 1960 በ40 ዓመቱ በወባ ሞተ። በሽታው የያዘው ከምዕራብ አፍሪካ ጉዞ መልስ ነበር።

ስዊዘርላንዳዊው ሁጎ ኮብሌት ደግሞ ሽክ የሚለው እየተወዳደረም ነበር። በ1951 የቱር ደ ፍራንስ ከብሪቭ እስከ አዣን ባለው የአንድ ቀን ጉዞ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ከፊት ሆኖ ነዳ። ከኋላ ተባብረው ያሳደዱት ኮፒ፣ ባርታሊ፣ ቦቤና ሌሎችም የዘመኑ አለቆች ነበሩ። አልደረሱበትም። መስመሩ ሲቃረብ ፊቱን ጠራረገ፣ ጸጉሩን አበጠረ። ከገባ በኋላ የእጅ ሰዓቱን ይዞ ሌሎቹ እስኪመጡ ይለካ ጀመር። 2 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ።

የፈረንሳዩ ዣክ አንክቲል አቀማመጥ ከሁሉም ይለያል። ጀርባው ጠረጴዛ የተደላደለበት ይመስላል፤ የእግሩ ጣቶች ወደ መሬት ይጠቁማሉ። በዘመኑ ማንም አሠልጣኝ ጣትህን ወደ ታች ቀስር ብሎ አያስተምርም። አንክቲል ግን በዚያ አነዳድ ለብቻ ከሰዓት ጋር የሚደረገውን ውድድር ነገሠበት። የዚህ ዓይነቱን ትልቅ ውድድር፣ ግራን ፕሪ ደ ናሲዮንን፣ ዘጠኝ ጊዜ ወሰደ። ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በ1964 ፒዊ ደ ዶም ተራራ ላይ ከሬይሞን ፑሊዶር ጋር ክርን ለክርን እየተጋፉ ሲወጡ የተነሳው ፎቶ ዛሬም አለ። አንክቲል በዚያ ዳገት 42 ሰከንድ ቢቀደምም የአጠቃላይ መሪውን ቢጫ ማልያ በ14 ሰከንድ አተረፈ። ፓሪስ ሲደርሱ ልዩነቱ 55 ሰከንድ ሆነ።

አንክቲል በ1956 ኮፒ የያዘውን የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን (በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻን የሚነዳ ረጅሙን ርቀት) ሚላን ላይ በ46.159 ኪሎ ሜትር ሰበረ። ወራት ሳይቆይ ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ወሰደበት። ባልዲኒ በዚያው ዓመት የሜልቦርን ኦሊምፒክን የመንገድ ውድድር አሸንፏል። ይህ ለኛ ቅርብ ታሪክ ነው። ሜልቦርን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ኦሊምፒክ ነው፤ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል። ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር።

የሉክሰምበርጉ ሻርሊ ጎል ቀላል ማርሽ መርጦ እግሩን በፍጥነት በማሽከርከር ተራራ ይወጣ ነበር። የቤልጅየሙ ሮጀር ደ ቭላሚንክ ደግሞ የኮብልስቶን፣ ማለትም ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ ጌታ ነው። እንዲህ ባለው መንገድ የሚታወቀውን ፓሪ–ሩቤ የተባለ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፏል። ከጭቃና ከሜዳ ውድድር የመጣ ስለሆነ እጁን ዘና አድርጎ ብስክሌቱን ድንጋዩ ላይ እንደልቡ ይለቀዋል። ጀርባው ግን ያንን ሁሉ መንገጫገጭ የማያውቀው ይመስላል።

ስለ ውበት የሚያወራ ሰው ኤዲ መርክስ ጋ ሲደርስ ይቸገራል። 525 ውድድር ያሸነፈው ቤልጅየማዊ ሲጨንቀው ትከሻው ይወዛወዛል፣ ራሱ ይነቀነቃል። አንዱ ምክንያት ይታወቃል። በመስከረም 1969 ብሎዋ ከተማ ቬሎድሮም ውስጥ ፍጥነት ከሚሰጠው ሞተር ብስክሌት ኋላ ተጠግቶ ሲነዳ ክፉኛ ወደቀ። ሞተሩን የሚነዳለት ሰው ሞተ፤ መርክስ ዳሌው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ የሚመቸውን አቀማመጥ ሲፈልግ ኖረ፤ ውድድር መሃል ኮርቻውን ዝቅና ከፍ እስከማድረግ ይደርስ ነበር። የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ መርክስን ከወገቡ በታች ብቻ ብታዩት ከኮፒ አያንስም። እግሩ አይቆራረጥም። በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳው በዚያ እግር ነው።

ዘመኑ በአንድ ቀን አላለቀም። በ1985 በርናር ኢኖ ቱርን ሲያሸንፍ የቆዳ ማሰሪያው ቀርቶ ጫማው ፔዳሉ ላይ የሚቆለፍ ነበር። በ1990ዎቹ የማርሽ መቀየሪያው ከፍሬን መያዣው ጋር አንድ ላይ ሆነ፤ እጅን ከመሪ ማንሳት ቀረ። አሁን አቀማመጥን የሚወስኑት የነፋስ መሞከሪያ ክፍልና ኮምፒውተር ናቸው። የዛሬዎቹ ፈጣኖች ናቸው፣ ጎበዞችም ናቸው። ከሩቅ አንዱን ከሌላው መለየት ግን ይከብዳል።

ልዩነቱን በቁጥር ያሳየ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1996 ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ በአንድ ሰዓት 56.375 ኪሎ ሜትር ነዳ። በ2000 የዓለም ብስክሌት ማኅበር እንደ መርክስ ባለ ብስክሌት፣ እንደ መርክስ ባለ አቀማመጥ ይሁን ብሎ ሕጉን ቀየረ። ቦርድማን ማንችስተር ላይ ሞከረው። መርክስን የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነበር።