«የሥር ቻክራህ ተዘግቷል»፦ ስለ ሙላዳራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንቅልፍ አጣሁ ለሚል፣ ልቤ ይመታል ለሚል፣ ወገቤን ቆረጠኝ ለሚል፣ ሥራ ላይ መቆየት አቃተኝ ለሚል ሁሉ አንድ መልስ ተዘጋጅቶለታል፦ «የሥር ቻክራህ ተዘግቷል»። ችግሩ ይለያያል፣ መልሱ ግን አይለወጥም። ዮጋ የሚያስተምር ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ የሚያልፍበት ሳምንት የለም። እንዲህ የተባለው ሰው ደግሞ ፍርሃቱ ሳይለቀው፣ በላዩ «ውስጤ የተዘጋ ነገር አለ» የሚል ሌላ ፍርሃት ጨምሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ቻክራ በዮጋ ትውፊት የኃይል ማዕከል ተብሎ በሰውነት ውስጥ የሚታሰብ ስፍራ ነው፤ የሥር ቻክራ የሚሉት ሙላዳራን ነው። በሳንስክሪት «ሙላ» ሥር፣ «አዳራ» ደግሞ ድጋፍ ወይም መሠረት ማለት ነው። ሙላዳራ በሕንድ የታንትራና የሃታ ዮጋ ትውፊት ከጀርባ አጥንት ግርጌ፣ በፊንጢጣና በብልት መካከል እንዳለ የሚታሰብ ስፍራ ነው። «የሚታሰብ» የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። ቀዶ ሐኪም ከፍቶ የሚያገኘው፣ በምርመራ መሣሪያ የሚታይ አካል አይደለም። ተመስጦ የሚያደርግ ሰው ልቡን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው።

«የምትፈራው ቻክራህ ስለተዘጋ ነው»

ከሁሉም ስህተት የሚያስቆጣው ይሄኛው ነው፤ ሰው የሚጎዳውም በዚሁ ነው።

ዛሬ በዓለም የታወቀው የቻክራ ሥዕል በአብዛኛው የመጣው ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል የታንትራ መምህር እ.ኤ.አ. በ1577 ከጻፈው ሥራ ነው። እንግሊዛዊው ዳኛ ጆን ውድሮፍ እ.ኤ.አ. በ1919 ተርጉሞ ለምዕራባውያን አደረሰው። በጽሑፉ ሙላዳራ አራት ቅጠል ያለው አበባ ሆኖ ይሣላል፤ መሐሉ ላይ የመሬት ምልክት የሆነ አራት ማዕዘን፣ ዝሆን፣ እንደ እባብ ሦስት ጊዜ ተኩል ተጠምጥማ የተኛች፣ ኩንዳሊኒ የሚሏት ኃይል አሉ። ይህን በልቡ እየሣለ ለሚያሰላስል ሰው የንግግርና የእውቀት ባለቤት እንደሚሆን፣ ደስታም እንደሚሞላው ቃል ይገባል። «ሥርህ ስለተዘጋ ትፈራለህ» የሚል የሕመም ምርመራ ግን በውስጡ የለም። አንዳንድ የዮጋ ጽሑፎች «የብራህማ ቋጠሮ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ እሱም ገና ያልነቃ ሰው ሁሉ ያለው እንጂ የእከሌ ወይም የእከሊት በሽታ አይደለም።

ሙላዳራን ከደኅንነት ስሜት፣ ከፍርሃትና ከልጅነት ቁስል ጋር ያያያዘው 20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የስዊስ የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ዙሪክ ላይ ስለ ኩንዳሊኒ በሥነ ልቦና ዓይን ንግግር አደረገ፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ምዕራባውያን ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ቻክራ የስሜት መዝገብ አደረጉት። ይህ አዲስ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም። ነውሩ ትናንት የተሠራውን የሺህ ዓመት ጥበብ ነው ብሎ መስጠቱ፣ ከዚያም በምርመራ ቦታ መተካቱ ነው።

ምን እንደሚያደርስ በዝርዝር ልንገራችሁ። ልብ የሚመታ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥ፣ ላብ የሚያጠምቅ፣ ምግብ እየተበላም የሚያከሳ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ የደም ምርመራ ይለየዋል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል፣ ያዝላል። ቡናም አለ። ካፌይን ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጨረሰ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ጣሪያ ቢቆጥር ቻክራውን አይክሰስ።

የወገብ ሕመምም እንዲሁ ነው። በመቀመጫና በብልት አካባቢ፣ ማለትም ልክ ሙላዳራ አለበት በሚባለው ስፍራ፣ መደንዘዝ ከመጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ እግር ከዛለ የነርቭ ድንገተኛ አደጋ ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ምልክት «ሥርህ እየተከፈተ ነው» ብሎ የሚያስታምም መምህር ሰው ያሽመደምዳል።

ለጭንቀት ወይም ለድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቻክራ ላስተካክል ብሎ በገዛ እጁ አያቋርጥ። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ዓይነት ንዝረት፣ የባሰ ጭንቀት ሊመጣ ይችላል። እንደ ዳያዜፓም ያሉት የማረጋጊያ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ዮጋው ከመድኃኒቱ ጎን ይሄዳል፤ መቀነስ ካስፈለገ ያዘዘው ሐኪም ይቀንሳል።

«ቀለሙ ቀይ ነው፣ ስለዚህ ቀይ ልበስ፣ ቀይ ብላ»

በፑርናናንዳ ሥዕል አበባው ቀይ ነው፣ መሐሉ ላይ ያለው የመሬት ማዕዘን ግን ቢጫ ነው። ሰባቱን ቻክራዎች በቀስተ ደመና ቅደም ተከተል መደርደር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋ ነገር ነው። ቀይ ሥር ጥሩ ምግብ ነው፤ ብሉት፣ ለምግብነቱ።

«ድንጋይ ኪስህ ውስጥ ያዝ»

ሄማታይት የብረት ማዕድን ነው። ቀዝቃዛና ከባድ ስለሆነ መዳፍ ውስጥ ሲጨበጥ ልብን ወደ እጅ ይመልሳል። ከወንዝ ዳር የተነሣ ጠጠርም ይህንኑ ያደርጋል፣ በነጻ።

«ማንትራው ላም ነው»

ማንትራ በተመስጦ ጊዜ የሚደጋገም ቃል ወይም ድምፅ ነው። የዚህኛው ሆሄ እንዲህ ስለሚጻፍ ብዙ ሰው እንደ ከብቷ ስም አርዝሞ ይለዋል። የሳንስክሪቱ አናባቢ አጭር ነው፤ ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው «ለም» የሚለው ድምፅ ነው። ለም መሬት ከምንለው ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ቢሆንም ለማስታወስ ይረዳል፣ ምክንያቱም የመሬት ማንትራ ነው። በአንድ ትንፋሽ «ለ»ን ቶሎ ብላችሁ ከንፈር ገጥማችሁ «ም»ን እስከ መጨረሻው አንዝሩ። ጥቅሙ ትንፋሹ ረዝሞ መውጣቱ ላይ ነው።

«ዓላማው ኃይልን ወደ መሬት ማውረድ ነው»

በትውፊቱ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ኩንዳሊኒ ከግርጌ ተነሥታ ትወጣለች፤ መሬት በውኃ፣ ውኃ በእሳት፣ እሳት በነፋስ፣ ነፋስ በጠፈር ይዋጣል። መጨረሻው ነጻ መውጣት እንጂ ረግቶ መቀመጥ አይደለም። መርጋትን የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ኩንዳሊኒን መቀስቀስ አያስፈልገውም፤ ኃይለኛ ፈጣን ትንፋሽና ረጅም ትንፋሽ መያዝም ለጭንቀተኛ ሰው አይመከርም። የሚያስፈልገው እግሩና የሚወጣ ትንፋሹ ነው። እንዲህ አድርጉት፦

ጫማና ካልሲ አውልቁ። ጠንካራ ወለል ላይ ቁሙ፤ ፍራሽም ወፍራም ምንጣፍም አይሆንም፣ እግር ወለሉን በደንብ አይሰማውም። በሁለቱ እግሮች መካከል ሁለት ጭብጥ ጎን ለጎን የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ጣቶቻችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ዘርጉ፣ መልሳችሁ አሳርፉ። አሁን በእያንዳንዱ ውስጥ እግር ሦስት ነጥብ ፈልጉ፦ ከአውራ ጣት ሥር፣ ከትንሿ ጣት ሥር፣ ከተረከዝ መሐል። ክብደቱ ሦስቱም ላይ ይዋል። ጉልበት ወደ ኋላ አይቆለፍ። ዓይን ክፍት ሆኖ 2 ሜትር ያህል ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ይረፍ።

በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አውጡ። 10 ትንፋሽ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና 10፣ እንደገና 10። 5 ደቂቃ ያህል ነው። ለምን መውጫው እንደሚረዝም ለማወቅ ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ አሳርፋችሁ የደም ምታችሁን አዳምጡ፦ ስትስቡ ይፈጥናል፣ ስታወጡ ዘግየት ይላል። ቬገስ የተባለው ነርቭ ልብን የሚያረጋው በዚያች የመውጫ ጊዜ ነው።

የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በጣቶች ወለሉን መቧጠጥ ነው፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ባት ይወጠራል። ሁለተኛው ትልቅ ትንፋሽ መሳብ ነው። ጣትና ከንፈር መውረር፣ ራስ መቅለል ከጀመረ ከመጠን በላይ እየተነፈሳችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወርዷል፤ ትንፋሹን አሳንሱ፣ 3 እና 4 ቁጠሩ።

«ሙላ ባንዳን ቀኑን ሙሉ መያዝ ሥሩን ያጠነክራል»

ሙላ ባንዳ ሽንት የምንቋጥርበትን ጡንቻ ማጥበቅ ነው። ጥንታዊው መመሪያ ስፍራውን በተረከዝ ተጭኖ ማጥበቅን ያዛል፤ ለተወሰነ ልምምድ እንጂ ለዕለት ኑሮ አይደለም። የሚፈራ ሰው ጡንቻው ድሮውኑ የተጨበጠ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያጠብቀው የዳሌ ሕመም፣ ድርቀት፣ ሽንት ለመጀመር መቸገር፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ሊከተል ይችላል። እነዚህ ያሉበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ባለሙያ አይሞክሩት።

ሌላው ሰው ተቀምጦ ትንፋሽ ሲያወጣ ከሙሉ ኃይሉ ሲሶውን ብቻ ተጠቅሞ ለ4 ሰኮንድ ያጥብቅ፣ ከዚያ ለ8 ሰኮንድ ፈጽሞ ይልቀቅ፤ 5 ጊዜ ይበቃል። መቀመጫ፣ ጭንና ሆድ ከተጨበጡ ቦታውን ስቷል። ዋናው መልቀቁ ነው፦ ትንፋሽ ሲገባ ሆድ ይነፋል፣ ያ ጡንቻም አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን መውረድ ያልተሰማው ሰው ማጥበቁን ይተወው።

በዚያ አካባቢ ጥቃት የደረሰበት ሰው ደግሞ ትኩረቱን ወደ ስፍራው እንዲያመጣ አይገደድ፤ ትዝታው ሊመለስበት ይችላል። ዓይኑን ገልጦ የሚያያቸውን 5፣ የሚዳስሳቸውን 4፣ የሚሰማቸውን 3፣ የሚያሸታቸውን 2፣ የሚቀምሰውን 1 ነገር ስም ይጥራ።

«ሲከፈት ይወርራል፣ ይሞቃል»

ቁጢጥ ብሎ ወይም እግር አጣጥፎ የቆየ ሰው እግሩን የሚወርረው ነርቭ ስለተጫነ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ አድርጋችሁ ከመቀመጫ ሥር አስገቡ፣ ዳሌ ከጉልበት ከፍ ይበል። ቁጢጥ ስትሉ ተረከዝ ከተነሣም ያንኑ ጋቢ ከተረከዝ ሥር አድርጉ፤ ጉልበቱን የሚያመው በርጩማ ላይ ይቀመጥ። መውረሩ ከተነሣችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ካልለቀቀ በማግስቱ በዚያ አቀማመጥ አትቀመጡ።