ኮንፎርማንስ ቼኪንግ ምንድን ነው?

የግዢ ክፍል ኃላፊን «ግዢ እንዴት ነው የሚካሄደው?» ብትሉት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ያሳያችኋል፦ ጥያቄ ይቀርባል፣ ይጸድቃል፣ ትዕዛዝ ይወጣል፣ ዕቃው ገቢ ይሆናል፣ ክፍያ ይፈጸማል። ሲስተሙ ውስጥ የተመዘገበውን ስታገላብጡ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ታሪክ ታገኛላችሁ። ኮንፎርማንስ ቼኪንግ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የት የት ላይ እንደሚለያዩ መፈተሽ ነው።

ሐሳቡ የፕሮሰስ ማይኒንግ አንዱ ክፍል ነው፤ ይህም ሥራ በእርግጥ እንዴት እንደሚካሄድ ሲስተም ውስጥ ከተመዘገበው የሚያጠና ዘርፍ ነው። ፕሮሰስ ማይኒንግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ኔዘርላንድስ ውስጥ በአይንድሆቨን ዩኒቨርሲቲ መልክ ያስያዘው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ቪል ቫን ደር አልስት ነው። ለሥራው ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ የአሠራሩ ሥዕል እና ኢቨንት ሎግ የሚባለው መዝገብ። መዝገቡ ቢያንስ ሦስት ነገር መያዝ አለበት፤ የትኛው ጉዳይ (ለምሳሌ የግዢ ቁጥሩ)፣ ምን ተሠራ፣ መቼ ተሠራ። ማን እንደሠራው ከተጨመረበት ደግሞ «ያዘዘውና ያጸደቀው አንድ ሰው ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል።

አንድ ግዢ እንውሰድ። መዝገቡ ላይ ያለው ቅደም ተከተል፦ ጥያቄ፣ ትዕዛዝ፣ ማጽደቅ፣ ዕቃ ገቢ፣ ክፍያ። አምስቱም ሥራዎች ተሠርተዋል፣ ሁለቱ ግን ቦታ ተለዋውጠዋል። አላይንመንት የሚባለው ስልት ሥዕሉንና መዝገቡን እርምጃ በእርምጃ እያጣመረ ይሄዳል። ጥያቄ ከጥያቄ ጋር ገጠመ። ቀጥሎ መዝገቡ «ትዕዛዝ» ይላል፣ ሥዕሉ ግን ገና አይፈቅድም፤ አንድ ልዩነት ተቆጠረ። ማጽደቅ ገጠመ። አሁን ሥዕሉ ትዕዛዝ ይጠብቃል፣ መዝገቡ ላይ ግን ቀድሞ አልፏል፤ ሁለተኛ ልዩነት። የቀሩት ይገጥማሉ። በመዝገቡ አምስት፣ በሥዕሉም አምስት እርምጃ ስላለ፣ አንድም ባይገጥም ኖሮ ልዩነቱ አሥር ይሆን ነበር። ስለዚህ የመግጠም መጠኑ ከ1 ላይ 2/10 ሲቀነስ 0.8 ነው።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያንኑ ታሪክ «ማጽደቁ ተዘሎ ኋላ መጣ» ብለን ብናነበውም ልዩነቱ ያው ሁለት ነው። ትዕዛዙ ተቻኩሎ ነው ወይስ ፊርማው ዘግይቶ? ይህን ስሌቱ አይለይም፤ ሥራውን የሠራውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ከፍተኛ ቁጥር ብቻውንም አያኩራራም። ማንኛውም ሥራ በማንኛውም ቅደም ተከተል ይሁን የሚል ሥዕል ብንሠራ ሁሉም ጉዳይ 1.0 ያገኛል፤ ሥዕሉ ግን ምንም አልከለከለም። ለዚህ ነው ከመግጠም ጋር ፕሪሲዥን የሚለካው፦ ሥዕሉ ከሚፈቅደው ውስጥ ምን ያህሉ በእርግጥ ይታያል?

ልዩነት ተገኘ ማለት ጥፋተኛ ተገኘ ማለትም አይደለም። ማሽን ቆሞ መለዋወጫ ሲያስፈልግ ሠራተኛው በስልክ አስፈቅዶ ያዝዛል፣ ፊርማው በኋላ ይመጣል። እንዲህ ያለው መንገድ በየጊዜው የሚደጋገም ከሆነ፣ በኔ አስተያየት መታረም ያለበት ሥዕሉ ነው። ያለ ማጽደቅ የተከፈለ ክፍያ ግን አንድም ቢሆን ዝም አይባልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መዝገቡ ራሱ ይመርመር። ሰኞ በወረቀት የተፈረመው ዓርብ ሲስተም ላይ ከገባ፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ዓርብን ነው። ሰዓት ሳይኖር ቀን ብቻ ከተመዘገበ ደግሞ በአንድ ቀን ከተሠሩት ሁለት ሥራዎች የትኛው እንደቀደመ አይታወቅም። ሁለት ሠራተኞች አንድ የይለፍ ቃል ከተጋሩማ፣ መዝገቡ ላይ አንዱ ሰው ራሱ አዝዞ ራሱ ያጸደቀ መስሎ ይወጣል።