የዌንግ-ቺያንግ ጥፍሮች፦ የጋዝ መብራት፣ ምትሃትና ግዙፍ አይጥ

«ዶክተር ሁ» ብዙ እንግሊዛውያን ከልጅነት እስከ እርጅና ያዩት ድራማ ነው። ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው በ1963 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዶክተር የሚባለው ሰውዬ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። ከውጭ ሲያዩት የፖሊስ ስልክ ሳጥን በሚመስል፣ ውስጡ ሲገቡ ግን አዳራሽ በሚያህል ነገር ተሳፍሮ ከዘመን ዘመን ይዞራል። ድሮ አንዱ ታሪክ በአብዛኛው አራት ወይም ስድስት ክፍል ይፈጅ ነበር። ከእነዚያ ታሪኮች ውስጥ እስከ ዛሬ አድናቂዎቹን የሚያኮራም የሚያሳፍርም አንድ አለ፦ «የዌንግ-ቺያንግ ጥፍሮች»። ስድስት ክፍል ነው፤ ከፌብሩዋሪ 26 እስከ ኤፕሪል 2 ቀን 1977 ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ታየ።

ታሪኩ የሚካሄደው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ነው። ጭጋግ፣ የጋዝ መብራት፣ የፈረስ ጋሪ። ዶክተር (ቶም ቤከር) ሊላን (ሉዊዝ ጀምሰን) የዘር ማንዘሮቿ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ላሳይሽ ብሎ ይዟት ይመጣል። ሊላ ከሩቅ ዓለም የመጣች የጎሳ ተዋጊ ናት፤ ቢላዋ ከወገቧ አይጠፋም። ቴአትር ቤት እንግባ ብለው ሲነሱ ግን ሬሳ ላይ ይወድቃሉ። በከተማው ወጣት ሴቶች እየጠፉ ነው። ቴአትር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሊ ሴን ቻንግ የሚባል ቻይናዊ ምትሃተኛ ሕዝቡን ያስጨበጭባል። አብሮት መድረክ ላይ የሚወጣው አሻንጉሊት ሚስተር ሲን ይባላል። ችግሩ፣ አሻንጉሊቱ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላም ይንቀሳቀሳል።

ቻንግ የሚያገለግለው ዌንግ-ቺያንግ የተባለ አምላክን ነው። ቢያንስ እሱ አምላክ ይመስለዋል። ጭምብሉ ሲገለጥ የሚገኘው ግን ማግነስ ግሪል፣ ከ51ኛው ክፍለ ዘመን ያመለጠ የጦር ወንጀለኛ ነው። የዘመን መጓጓዣው ሙከራ ሰውነቱን አበላሽቶታል፤ የልጃገረዶቹን ሕይወት እየመጠጠ ነው የሚቆየው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ሌላ ነገር ለብሷል። ወንጀለኛው አምላክ፣ ገዳዩ አሻንጉሊት። ዶክተር ራሱ የጥንት መርማሪ ፖሊስ መስሎ፣ ባለ ሁለት ግንባር ኮፍያና ካባ አድርጎ ነው የሚዞረው። የሚስተር ሲንን ልብስ ለብሶ የተወነው ናይሮቢ የተወለደው ዲፕ ሮይ ነው።

ደራሲው ሮበርት ሆልምስ ነው። የዚያን ዘመን የለንደን አነጋገር ጥሩ አድርጎ ያውቀዋል፤ ንግግሩ ዛሬም አልሻገተም። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ማሎኒ ይባላል። ቢቢሲ ደግሞ የድሮ ዘመን ድራማ መሥራት እጁ ነው። ቁንጮ ኮፍያም በሉት ሰፊ ቀሚስ፣ የሚያውቀው ሥራ ነው። ለዚህም ይመስለኛል፣ በሌሎቹ ታሪኮች የካርቶን ፕላኔት ማየት የለመደ ተመልካች እዚህ ለንደንን አይቶ ያመነው። የቴአትር ቤቱ ትዕይንት የተቀረጸው ግን ለንደን ሳይሆን ኖርዛምፕተን በሚገኝ እውነተኛ የድሮ ቴአትር ቤት ነው። እዚያ ኦርኬስትራውን ሲመራ የሚታየው ሰው የድራማው ሙዚቃ ደራሲ ደድሊ ሲምፕሰን ራሱ ነው። የመንገዱ ትዕይንት የተቀረጸው ለንደን ውስጥ በዋፒንግ ሰፈር ነበር። ነዋሪዎች መኪናቸውን እንዲያነሱ ቢነገራቸውም አንድ መኪና እዚያው ቀረ። ታዲያ ምን ተደረገ? ድርቆሽ ተከመረበት። ክምሩ ዛሬም በፊልሙ ላይ ይታያል።

አይጡን ግን የሚሸፍን ድርቆሽ አልተገኘም። ከፍሳሽ ዋሻው የሚወጣው ሰው በላ አይጥ በግልጽ የፀጉር ከረጢት ነው። በትንሽዬ ሞዴል ዋሻ ውስጥ የተቀረጸ እውነተኛ አይጥም አለ፤ እሱ ሲታይ ያስፈራል፣ ከረጢቱ ሲመጣ ያስቃል።

የማያስቀው ሌላ ነው። ቻንግን የተጫወተው ጆን ቤኔት ነጭ እንግሊዛዊ ነው፤ ዓይኑና ፊቱ በሜካፕ ተቀይሮ። እውነተኛ እስያውያን ተዋንያን ነበሩ፣ የተሰጣቸው ግን የወሮበላነትና የሎሌነት ትንንሽ ሚና ነው። ሆልምስ ጉዳዩ ያልገባው አይመስልም፦ ዶክተሩ ቻንግን «የት ነው የማውቅህ?» ሲለው፣ ቻንግ «ሁላችንም አንድ እንመስላለን መሰለኝ» ብሎ በነገር ይወጋዋል። ቤኔትም ለገጸ ባሕርዩ ክብር ሰጥቶ ነው የተወነው። ይሁንና ቻይናታውን (የቻይናውያን ሰፈር) ማለት ኦፒየም የተባለው ዕፅና ወሮበላ ነው የሚለው የድሮ ተረት ሳይነካ አልፏል። በካናዳ ቲቪ ኦንታሪዮ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የቻይና ዝርያ ያላቸው ዜጎች ማኅበራት ቅር መሰኘታቸውን ሰምቶ ታሪኩን ሳያሳይ ቀርቷል። እኔም ስመለከተው ደስ እያለኝ ይጎረብጠኛል።

ለፕሮዲውሰሩ ፊሊፕ ሂንችክሊፍ ይህ የመጨረሻው «ዶክተር ሁ» ነበር። ሜሪ ዋይትሃውስ በምትባል ሴት የሚመሩ የቴሌቪዥን ታዛቢዎች ድራማው ለሕፃናት ያስፈራል ብለው ሲጮሁ ከርመው ነበር። ከእሱ በኋላ ፍርሃቱ ተቀንሶ ቀልዱ ጨመረ። አድናቂዎች ግን የሂንችክሊፍን ዘመን አልረሱም፤ የድራማው መጽሔት በ2009 ሁለት መቶ ታሪኮችን በአንባቢ ድምፅ ሲያወዳድር ይህኛው አራተኛ ወጣ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚወደዱት ጄጎና ላይትፉት ናቸው። ጄጎ የቴአትር ቤቱ ባለቤት ነው፤ አፉ ትልቅ፣ ልቡ ፈሪ። ፕሮፌሰር ላይትፉት አስከሬን መርማሪ ሐኪም ነው፣ ጨዋ ሰው። ሊላን እራት ሲጋብዛት ሥጋውን ብድግ አድርጋ በእጇ ትግጣለች። እሱ ትንሽ ይደነግጥና እንግዳውን ላለማሳፈር ቢላዋና ሹካውን ትቶ በእጁ ይበላል። በእጅ መብላት ነውር ላልሆነብን ለእኛ ትዕይንቱ ሌላ ጣዕም አለው። የሚገርመው፣ ሁለቱ ሰዎች የሚገናኙት በአምስተኛው ክፍል ነው፤ ግን የዕድሜ ልክ ጓደኛ ይመስላሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ቢግ ፊኒሽ የተባለ ድርጅት ጄጎን የተወነውን ክሪስቶፈር ቤንጃሚንንና ላይትፉትን የተወነውን ትሬቨር ባክስተርን መልሶ ጠርቶ፣ በገጸ ባሕርያቱ ስም የድምፅ ድራማ መሥራት ጀመረ። አሥራ ሦስት ምዕራፍ ዘለቀ። ባክስተር በ2017 ሲሞት ቆመ።