የፓሪስ ባለ መስታወት ጣሪያ የገበያ መተላለፊያዎች

ፓሪሶች «ፓሳዥ» ወይም «ጋለሪ» የሚሉት፣ ከአንድ ጎዳና ወደ ሌላው በሕንፃዎች መሐል ሰንጥቆ የሚያሻግር፣ ለእግረኛ ብቻ የተተወ፣ ግራና ቀኙ በሱቅ የተሞላና ብርሃኑን ከላይ በመስታወት ጣሪያ የሚያገኝ መተላለፊያ ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባሉት ስድሳ ያህል ዓመታት ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በ1850ዎቹ ቁጥራቸው 150 ገደማ ደርሶ እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬ የቀሩት ሃያ ያህል ሲሆኑ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገኙት ከሴን ወንዝ በስተቀኝ ባለው የከተማዋ ክፍል ነው።

እንዲህ ያለ መተላለፊያ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የዚያን ዘመን የፓሪስን ጎዳና ማሰብ ይበቃል። መንገዶቹ ጠባብ፣ ወደ መሐል ያዘቀዘቁና መሐላቸውን የሚፈስ ቦይ የያዙ ነበሩ፤ ከየቤቱ የሚደፋው እጣቢ፣ የፈረስ ፋንድያውና የዝናቡ ውኃ ሁሉ በዚያው ይወርዳል። የእግረኛ መንገድ በ1780ዎቹ በኦዴዮን ጎዳና ቢሠራም ወደ ሌሎቹ ጎዳናዎች ለመስፋፋት ብዙ አሥርት ዓመታት ወስዶበታል። ስለዚህ ሰረገላ በመጣ ቁጥር እግረኛው ግድግዳ ታኮ መቆምና የሚረጨውን ጭቃ መቀበል ነበረበት። በፓሳዦቹ አፍ ላይ ጫማ ጠራጊዎች ይቀመጡ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚሠሩት ግን እንደ ዛሬው ሊስትሮ ጫማ ማሳመር ሳይሆን፣ ደንበኛው ንጹሑን ወለል ከመርገጡ በፊት ጭቃውን መፋቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሐሳብ የተወለደው ከዕዳ ነው። የንጉሡ ዘመድ የነበረው የኦርሌያን መስፍን በ1780ዎቹ ገንዘብ ስላጠረው፣ የፓሌ ሩዋያል ቤተ መንግሥቱን የአትክልት ስፍራ በሦስት ወገን በድንጋይ ሕንፃ አስከብቦ ሱቆቹን ለነጋዴ አከራየ። ለአራተኛው ወገን የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው በ1786 በቦታው ከእንጨት የተሠሩ ጊዜያዊ መጠለያዎች ተተከሉ። «የእንጨት ጋለሪዎች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጊዜያዊ የተባሉት ሱቆች አርባ ዓመት ያህል ቆሙ፤ መጽሐፍ ሻጩ፣ ኮፍያ ሰፊው፣ ቁማርተኛውና ሴተኛ አዳሪዋ በአንድ ጣሪያ ሥር ይውሉ ነበር። ቦታው የመስፍኑ የግል ይዞታ በመሆኑ ፖሊስ እንዳሻው አይገባበትም ነበር፤ ለገበያው መድራት ይህም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ1820ዎቹ መጨረሻ ጋለሪዎቹ ፈርሰው በመስታወት የተሸፈነው የኦርሌያን ጋለሪ ተተካባቸው።

ከ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት በኋላ የመሬት ጉዳይ መልክ ለወጠ። የቤተ ክርስቲያንና የስደተኛ መኳንንት ይዞታ ተወርሶ ሲሸጥ፣ በከተማዋ መሐል ሰፋፊ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ለገበያ ቀረቡ። ከቀሩት ሁሉ አንጋፋው ፓሳዥ ዱ ኬር፣ ማለትም የካይሮ መተላለፊያ፣ በ1798 የተሠራው የፊዬ ዲዮ መነኮሳይያት ገዳም በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ስሙን ያገኘው በዚያው ዓመት ከተጀመረው የናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ ሲሆን፣ በአደባባዩ በኩል ያለው የሕንፃው ፊት በኋላ በግብፃዊቷ አምላክ በሃቶር ሦስት የራስ ቅርጾች አጊጧል። ርዝመቱ ከ350 ሜትር በላይ በመሆኑ በከተማዋ ካሉት ሁሉ ይረዝማል። ሆኖም የሀብታም መዝናኛ ሆኖ አያውቅም፤ መጀመሪያ የማተሚያ ቤቶች፣ ኋላ ደግሞ የጅምላ ልብስ ነጋዴዎችና ለሱቆች የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት የሚሸጡ ሰዎች ሰፈር ሆኖ ኖሯል።

በ1800 ገደማ የተከፈተው ፓሳዥ ዴ ፓኖራማ ከዚህ የተለየ ስልት ተከተለ። ታየር የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት በሞንማርትር ቡልቫር (ሰፊ አውራ ጎዳና) ዳር ሁለት ክብ ማማዎችን አሠርቶ፣ በውስጣቸው ተመልካቹን ዙሪያውን የሚከብ ግዙፍ የከተማ ሥዕል በክፍያ ማሳየት ጀመረ፤ የሥዕሉን ስልት በፈረንሳይ የመጠቀም መብት ያገኘው ኋላ በእንፋሎት ጀልባ ስሙ ከገነነው ከአገሩ ልጅ ከሮበርት ፉልተን ነበር። መተላለፊያው በማማዎቹ መካከል ስለሚያልፍ፣ ለሥዕሉ የመጣው ሰው ሳያስበው በሱቆቹ ፊት ይሄዳል። በ1807 የቫሪዬቴ ቲያትር አጠገቡ ሲከፈት የማታውም ደንበኛ ተጨመረ፤ በ1817 ደግሞ የጋዝ መብራት በሕዝብ ቦታ ለፓሪስ ከታየባቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ማማዎቹ በ1831 ፈርሰዋል፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ አለ።

እውነተኛው ግንባታ የጋለው ከናፖሊዮን ውድቀት በኋላ፣ በተለይ ከ1822 እስከ 1828 ባሉት ዓመታት ነው። ሰላም ሰፍኖ ገንዘብ መሥሪያ ቦታ ሲፈልግ፣ ባለሀብቶች የቤቶችን ጓሮ እየገዙና እያገናኙ ፓሳዥ መሥራት ያዙ። ስሌቱ ቀላል ነው። መንገድ በማያገኘው በሰፈሩ ሆድ ውስጥ ያለው መሬት ርካሽ ነው፤ መንገድ ከወጣለት ግን እያንዳንዷ ሜትር የሱቅ ፊት ትሆናለች። ከሱቁ በላይ ያለው ወለል ደግሞ ለነጋዴው መኖሪያ ወይም መሥሪያ ቤት ይከራያል። ስለዚህ ፓሳዥ የሚሸጠው ከሁሉ በፊት አቋራጭነቱን ነው፤ ሁለቱ አፎቹ ሰው በሚበዛባቸው ጎዳናዎች ላይ ካልተከፈቱ ጌጡ ብቻውን አያዋጣም።

ቬሮ-ዶዳ የተባለው ጋለሪ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1826 ያሠሩት ቬሮና ዶዳ የተባሉ ሁለት የአሳማ ሥጋ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ በአንዱ አፉ በኩል የረጅም ጉዞ ሰረገሎች መነሻ ይገኝ ነበር፤ ሰረገላ የሚጠብቀው መንገደኛ ጊዜውን በሱቆቹ መካከል ያሳልፋል። ውስጡ ሲገቡ ወለሉ በጥቁርና ነጭ ሰሌዳዎች በሰያፍ ተነጥፏል፤ ዓይን መስመሩን ተከትሎ ስለሚነጉድ፣ ከመቶ ሜትር በታች የሆነው መተላለፊያ ከልኩ በላይ ረጅም መስሎ ይታያል። ሱቆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር የእንጨት ፊት፣ ቀጭን የናስ ክፈፍና በመካከላቸው መስተዋት አላቸው፤ ነጋዴው እንዳሻው ገጽታውን እንዲቀይር አልተተወለትም።

በዚያው ዓመት ሁለት ተቀናቃኞች ጎን ለጎን ተከፈቱ። ጋለሪ ቪቪየንን ያሠራው የውል አዋዋዮች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረው ማርሹ ሲሆን፣ አርክቴክቱ ዴላኑዋ ነበር፤ ግድግዳው ላይ መልሕቅ፣ ፍሬ የሞላበት ቀንድና የሮማውያኑ የንግድ አምላክ የመርኩሪዮስ በትር፣ ማለትም የንግድ ምልክቶች፣ ተቀርጸዋል። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው የወለሉ ሞዛይክ በጣልያናዊው በፋኪና የተሠራው ከዓመታት በኋላ ነው። ጎረቤቱ ጋለሪ ኮልቤር በጉልላት የተሸፈነ ሰፊ ክብ አዳራሽና በመካከሉ ባለ ሰባት ሉል የነሐስ መቅረዝ ነበረው። በእኔ ግምት ከሁለቱ ያማረው ኮልቤር ነው፤ ገዢው ግን ወደ ቪቪየን ማድላቱን አልተወም።

የኋለኞቹ ፓሳዦች ዋነኛ ልዩነት ብረት ነው። በ1825 ገደማ የተሠራው ግራን ሴር 12 ሜትር ያህል ከፍታ ሊያገኝ የቻለው ብረት የእንጨትንና የድንጋይን ሸክም ስለተሸከመለት ነው፤ በ1840ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ፓሳዥ ዡፍሩዋ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በብረትና በመስታወት ከመሠራቱም በላይ ከወለሉ በታች የሚሞቅ ነበር። የመሬቱ ቅርጽ ቀጥ ብሎ ለማለፍ ስላልፈቀደ መተላለፊያው መሐል ላይ ታጥፎ በጥቂት ደረጃዎች ይወርዳል፤ በእጥፋቱ ላይ የሾፓን ሆቴል በር አለ። ፓኖራማ፣ ዡፍሩዋና ቬርዶ በአንድ መስመር በመገጠማቸው፣ በዝናብ ቀን ጎዳና ለመሻገር ያህል ብቻ እየወጡ ከአንዱ ወደ አንዱ መዝለቅ ይቻላል።

ውድቀታቸውን ያመጣው ፓሪስ ራሷ መጽዳቷ ነው። ከ1853 እስከ 1870 የሴን አውራጃ ገዥ የነበረው ኦስማን ሰፋፊ ቡልቫሮችን፣ የእግረኛ መንገዶችንና የፍሳሽ ማስወገጃን ሲያስፋፋ፣ ፓሳዡ ይሸጠው የነበረው ደረቅ ወለል በየጎዳናው በነፃ ተገኘ። ፓሳዥ ብራዲ በስትራስቡር ቡልቫር ለሁለት ተከፍሎ እስከ ዛሬ በሁለት ቁራጭ ቆሟል። በዚያ ላይ ቦን ማርሼን የመሰሉ ትልልቅ መደብሮች፣ ዋጋ ተጽፎበት፣ ግዙ ተብሎ ሳይገደዱ የሚዞሩበት፣ ሁሉን በአንድ ጣሪያ የያዘ ገበያ አቀረቡ። በባለ ባንኩ ሚሬስ ተሠርቶ በ1860 የተከፈተው ፓሳዥ ዴ ፕራንስ የዘመኑ የመጨረሻው ሆነ፤ ሚሬስም በዓመቱ ታሰረ።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ፈረሱ። ኦፔራ የተባለው ፓሳዥ በ1925 የወደቀው የኦስማንን ቡልቫር ለመቀጠል ሲባል ነው። ጀርመናዊው አሳቢ ዋልተር ቤንጃሚን ከ1927 አንሥቶ ከፓሪስ እስከ ሸሸበት እስከ 1940 ድረስ ስለ ፓሳዦች ማስታወሻ ሲሰበስብ፣ የሚያየው ያረጀ ቴምብር ሻጮች፣ ምርኩዝ ጠጋኞችና ባዶ የሱቅ ማሳያ መስኮቶች ያሉበትን ዓለም ነበር። የተረፉት የተረፉት በአመዛኙ ለማፍረስ የሚያነሣሣ ትርፍ ስላልነበረባቸው ነው ማለት ይቻላል። መነቃቃቱ የመጣው ጃፓናዊው ልብስ ነዳፊ ኬንዞ በ1970 በርካሽ ኪራይ ቪቪየን ውስጥ ሱቅ ሲከፍት ሲሆን፣ በ1974 በርካታዎቹ በቅርስነት ተመዘገቡ። ፕራንስ ግን በ1985 ፈርሶ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተሠርቷል።

ኮልቤርን በመጨረሻ የያዘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። እጅግ ተጎሳቁሎ የነበረው ክብ አዳራሽ በ1980ዎቹ እንደ ቀድሞው ተሠርቶ፣ ዛሬ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋማትና ተማሪዎች ይገለገሉበታል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው በር ላይ ቦርሳውን ያስፈትሻል፤ በጉልላቱ ሥር አንድም ሱቅ የለም፤ ከግድግዳው ማዶ ቪቪየን ውስጥ ግን በ1826 የተከፈተው መጽሐፍ ቤት ዛሬም አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣል።