ፎር ዊል መኪና ሲጮኽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪና እንግዳ ድምፅ ሲያወጣ በዙሪያው የቆመ ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። ሂሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ከሆነማ ምክሩ አያልቅም፤ አብዛኛው ምክር ደግሞ ዕቃ በማስቀየር ይጀምራል። ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ሳይጠይቁ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

«ድምፁ በከፋ ቁጥር ብልሽቱ ይከብዳል።»
አይደለም። ከኮረኮንች መንገድ በኋላ ከጎማ አካባቢ የሚሰማው፣ ብረት በብረት የሚፍቅ ጩኸት ብዙ ጊዜ በፍሬን ዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መካከል የገባ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ሲወጣ ጩኸቱ ያበቃል። የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው እንዲሽከረከር የሚሸከመው ቀለበት) ግን ማለቅ ሲጀምር ሬዲዮ የሚሸፍነው ቀጭን ጉምጉምታ ብቻ ያሰማል፤ ችላ ከተባለ ግን ጎማ እስከ መውለቅ ያደርሳል።

«የሚያጉመተምተው የጭቃ ጎማው ነው።»
ሊሆን ይችላል፤ ኩሽኔታ ሳይታወቅ የሚያልቀውም በዚህ ሰበብ ነው። ድምፁ የጎማ ከሆነ ከአስፋልት ወደ ለስላሳ አፈር ሲወርዱ ይለወጣል። ኩሽኔታ የመንገዱ ዓይነት ግድ አይሰጠውም፤ የሚለወጠው መሪ ሲዞር ነው። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ ያኔ ጉምጉምታው ከጨመረ የቀኙን ይጠርጥሩ። ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው።

«አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ቋ ካለ ዲፈረንሻሉ ተሰብሯል።»
ዲፈረንሻሉን (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ክፍል) ከመውቀስዎ በፊት መኪናው ፎር ዊል ገብቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ሂሉክስና 70 ተከታታይ ላንድክሩዘርን በመሳሰሉት ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። መታጠፊያ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት አያንሸራትትም፤ ውጥረቱ በዘንጎቹ ውስጥ ይጠራቀምና ጎማው ዘሎ ሲለቀቅ ቋ ይላል። ፎር ዊሉን ማውጣት ነው። አልወጣ ካለ ጥቂት ሜትር ወደኋላ መሄድ ውጥረቱን ያላላል። እንዲህ እያለ በየቀኑ አስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው ግን ያልተሰበረውን በእርግጥ ይሰብረዋል።

«ችግሩ ያለው ድምፁ በሚሰማበት ቦታ ነው።»
ድምፅ በሻንሲው ብረት ላይ ይጓዛል፤ ጆሮ ይሳሳታል። የፊት ሀቡ (ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው እምብርት) በእጅ የሚታሰርና የሚፈታ መኪና ያለው ሰው ግን ነፃ ምርመራ አለው፦ ሀቦቹን ፈትቶ በኋላ ጎማ ብቻ መንዳት። የፊት ዲፈረንሻልና ዘንጎቹ መዞር ያቆማሉ። ድምፁ አብሮ ከቆመ ቦታው ተገኘ።

«ማርሽ ሲገባ ጓ ካለ ካምቢዮው ይውረድ።»
ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ለማስወረድ አይቸኩሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ከሥር ገብቶ ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ በእጅ ማወዛወዝ ይቀድማል። ክሮቸራው (የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ክፍተት ካለው ካምቢዮውን መንካት አያስፈልግም።

«የሚጮኽ ዲፈረንሻልን ወፍራም ዘይት ዝም ያሰኘዋል።»
ያሰኘዋል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ የጋለው ዲፈረንሻል በድንገት ይቀዘቅዛል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ በዘይት መከላከያው በኩል ውኃ ይስባል። የሚፈሰው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። እርሱን ሳያዩ ወፍራም ዘይት መጨመር ብልሽቱን መደበቅ ነው።

የባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች) ሲጥሲጥታስ? ማሰሪያ ብሎኖቹ እስካልላሉ ድረስ ይተውት።