የሽልማት መቀመጫ ምንድን ነው? ማይል ሞልቶ ቦታ የሚጠፋውስ ለምንድን ነው?

ማይል፣ ማለትም አየር መንገዶች ለደንበኛ የሚሰጡትን በትኬት የሚለወጥ ነጥብ፣ የሚያጠራቅም ሰው አንድ ቀን የሚያበሽቅ ነገር ይገጥመዋል። ሂሳቡ ላይ 60 ሺህ ማይል አለ። ሊሄድበት የፈለገው በረራ ደግሞ ገና አልሞላም፤ የመቀመጫ ካርታውን ሲከፍተው ግማሹ ባዶ ነው። በገንዘብ ልግዛ ቢል እዚያው ይሸጥለታል። በማይል ሲጠይቅ ግን "ቦታ የለም"። በማግስቱ ይሞክራል፣ የለም። የሚቀጥለውን ሳምንት ያያል፣ የለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንግግር ይታወቃል፦ "ይሄ ማይል የሚሉት ነገር ማጭበርበሪያ ነው።"

እንደዛ እንኳን አይደለም። ግን አውሮፕላኑ ላይ ያለ ባዶ ወንበርና የሽልማት መቀመጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሽልማት መቀመጫ ማለት አየር መንገዱ "ይህችን በደህና ዋጋ የሚገዛኝ ላይመጣ ይችላል" ብሎ ገምቶ ለማይል የለቀቃት ወንበር ናት። ካልፈለገ አይለቅም። በአንድ በረራ ላይ ስምንት ሊለቅ ይችላል፣ ሁለት ሊለቅ ይችላል፣ ጭራሽ ላይለቅም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው የተለቀቀ ቦታ ነው። ማይሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰው ግን ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ለዓመታት ያጠራቅምና ቦታ መፈለግ የሚጀምረው ጉዞው ሲደርስ ነው።

ነገሩ ፍንትው ብሎ የሚታየው የትኬት ፊደሎችን ስታዩ ነው። ኢኮኖሚ፣ ቢዝነስ፣ ፈርስት ክላስ የምንላቸው ለተሳፋሪው ሦስት ክፍሎች ናቸው። ለአየር መንገዱ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ክፍል በብዙ ፊደል ተሸንሽኗል። ኢኮኖሚ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሦስት ሰዎች አንዱ በዋይ፣ አንዱ በኤም፣ አንዱ በኬ ትኬት ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ያው፣ ምግቡ ያው፤ የከፈሉት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የሽልማት መቀመጫም የራሱ ፊደል አለው። ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ጥምረት ውስጥ በአብዛኛው ኤክስ የኢኮኖሚ፣ አይ የቢዝነስ፣ ኦ ደግሞ የፈርስት ክላስ ሽልማት ነው።

የትኬት ሠራተኛው ስክሪን ላይ የአንድ በረራ ቢዝነስ ክፍል ለምሳሌ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ ጄ9 ሲ9 ዲ9 ዜድ4 ፒ0 አይ0። ጄ9 ማለት በውዱ ዋጋ ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ስክሪኑ ከዘጠኝ በላይ አያሳይም። ዜድ4፣ ረከስ ባለው ዋጋ አራት ቀርቷል። ፒ0፣ የመጨረሻው ርካሽ አልቋል። አይ0፣ በማይል አንድም የለም። ስለዚህ "ቦታ የለም" ያላችሁ ሠራተኛ አልዋሸም። እናንተ የጠየቃችሁት "አይ" የሚለውን ፊደል ነው፣ እሱ ደግሞ ዜሮ ነው። በጄ ለሚከፍል ግን ያው ክፍል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ለምን ዜሮ ያደርጉታል? እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። አሜሪካ በ1978 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር ከመንግሥት ቁጥጥር ለቀቀች። ውድድሩ ጦፈ። ያኔ የአሜሪካን ኤርላይንስ መሪ የነበረው ሮበርት ክራንዳል ሁለት ነገር በአንድ ዘመን አራመደ። አንዱ በሜይ 1981 የተጀመረው የማይል ፕሮግራም፣ አድቫንቴጅ ነው። ዩናይትድም ቀናት ሳይቆጠሩ የራሱን ማይሌጅ ፕላስ ይዞ ብቅ አለ። ሁለተኛው፣ የትኛው ወንበር በስንት ብር ለማን ይሸጥ የሚለውን በኮምፒውተር የማስላት ሥራ ነው። ማይሉን የሚያድለው እጅና ወንበሩን የሚቆጥረው እጅ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ሁለቱ እስከ ዛሬ ይጓተታሉ።

የቆጣሪው ሒሳብ ቀላል ነው። የአውሮፕላኑ በር ከተዘጋ በኋላ ባዶ ወንበር አምስት ሳንቲም አያወጣም። ነገር ግን ከበረራው ሦስት ቀን በፊት አስቸኳይ ስብሰባ የተጠራ ሰው መጥቶ የእናንተን ዋጋ አምስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ኮምፒውተሩ ያለፉትን ዓመታት በረራዎች እያየ እንዲህ ያለ ሰው ስንት እንደሚመጣ ይገምትና ያን ያህል ወንበር ይዞ ይቆያል። ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ የምታዩት ወንበር ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ገና ያልመጣ ወንበር ነው። (በነገራችን ላይ የመቀመጫ ካርታ ምንም አያስረዳም። ትኬት የቆረጠ ሁሉ ወንበር አይመርጥም።)

በሌላ በኩል ማይሉ ይበዛል፣ በጣም ይበዛል። ዛሬ ማይል የሚገኘው በመብረር ብቻ አይደለም። አየር መንገዶች ማይል በጅምላ ለባንኮች ይሸጣሉ፤ ባንኮቹ በክሬዲት ካርድ ለሚገበያይ ደንበኛ ያድላሉ። ይሄ ንግድ ምን ያህል እንደሆነ የታየው በ2020 ነው። ኮሮና አውሮፕላኖቹን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን በዋስትና አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ዴልታም በተመሳሳይ መንገድ 9 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። አውሮፕላኑ ቆሞ ማይሉ ዋስ ሆነ ማለት ነው። ማይል እንዲህ እየተመረተ የሚለቀቀው ወንበር ካልጨመረ፣ ወይ ሽሚያ ይኖራል ወይ ዋጋው ይወጣል። ሁለቱም ሆነዋል። ለዚህ ነው ማይልን እንደ ቁጠባ ሂሳብ ለአሥር ዓመት ማስቀመጥ የማይመከረው። ወለድ የለውም፣ ዋጋው ይወርዳል፣ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ ቀኑ ያልፍበታል። የሉፍታንዛው ማይልስ ኤንድ ሞር ለምሳሌ በመደበኛው ሕግ 36 ወር ነው የሚሰጠው።

ወንበሩ የሚለቀቀው መቼ ነው? ሁለት ጊዜ በሩ ገርበብ ይላል። አንደኛው የበረራው ሽያጭ ሲከፈት ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከበረራው ቀን 330 እስከ 360 ቀን ቀድመው ይከፍታሉ፤ አንዳንዶቹ ያኔውኑ ጥቂት የሽልማት ቦታ ያወጣሉ። ሁለተኛው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ቆጣሪው "እንግዲህ የሚመጣ መጥቷል" ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ የቀረውን ይለቃል። በተለይ ቢዝነስና ፈርስት ክላስ በዚህ ሰዓት ብቅ ይላሉ። መሃሉ ላይ ደረቅ ነው። ከአራት ወር በፊት ፈልጎ ያጣ ሰው ተስፋ ቆርጦ መተው የለበትም። ነገር ግን የሰርግ ቀን የተቆረጠለት ሰው የመጨረሻውን ሳምንት እጠብቃለሁ ቢል ጨዋታው ቁማር ይሆንበታል።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል እንግባ። ማይል የምታጠራቅሙበት ፕሮግራምና የምትሳፈሩበት አውሮፕላን የአንድ ድርጅት መሆን የለባቸውም። ስታር አሊያንስ በ1997፣ ዋንወርልድ በ1999፣ ስካይቲም በ2000 ተመሠረቱ፤ አባሎቻቸው አንዱ በሌላው ማይል ወንበር ይሰጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጥምረት ውስጥ ስላሉ ማይሎቹ አይደመሩም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ እንደ ሉፍታንዛ የስታር አሊያንስ አባል ነው። ሆኖም በኢትዮጵያው ፕሮግራም በሼባማይልስ 20 ሺህ፣ በማይልስ ኤንድ ሞር 20 ሺህ ያለው ሰው 40 ሺህ የለውም። ሁለት ቦታ የተበታተነ 20 ሺህ ነው ያለው፤ ምናልባት ሁለቱም የትም አያደርሱትም። ስትበሩ የአባልነት ቁጥራችሁን የምትሰጡበት ፕሮግራም አንድ ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለቤተኛው የሚለቀቀውና ለእንግዳው የሚለቀቀው እኩል አይደለም። ሲንጋፖር ኤርላይንስ ለምሳሌ የረጅም በረራ ቢዝነስና ፈርስት ክላስ ወንበሮቹን በአብዛኛው ለራሱ የክሪስፍላየር አባላት ነው የሚያስቀምጠው። ጥምረቱ ያው ቢሆንም በሌላ ፕሮግራም ማይል ስትፈልጉ አይታያችሁም። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ የሌለ ቦታ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ሲስተሞቹ እርስ በርስ ሳይናበቡ ሲቀሩ አንዱ ድረ ገጽ "አለ" ይላል፣ ለመቁረጥ ስትጫኑት እምቢ ይላል። ስለዚህ የባንክ ካርድ ነጥባችሁን ወደ አየር መንገድ ማይል ከማዛወራችሁ በፊት ቦታውን በሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ድረ ገጽ አረጋግጡ። የተዛወረ ነጥብ አይመለስም። የሌለ ወንበር አይቶ ነጥቡን ሁሉ ያዛወረ ሰው የሚደውልለት አካል የለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ከሀ ከተማ ወደ ለ ከተማ በማይል ስትጠይቁ የለም ትባላላችሁ። ከሀ ተነስታችሁ በለ በኩል ወደ ሐ ስትጠይቁ ግን አለ፤ ያውም በዚያው በለመናችሁት በረራ! ምክንያቱ ኮምፒውተሩ የሚመዝነው ሙሉውን ጉዞ መሆኑ ነው። አጭሩን መንገድ በገንዘብ የሚገዛ ሞልቶኛል ብሎ ያስባል፤ ረጅሙን ግን ሊሞላ ይፈልጋል። ይህን ያወቀ ሰው ፍለጋውን በሁሉም አቅጣጫ ይሞክራል። ከሌላ ከተማ መነሳት አንዳንዴ በሩን ይከፍታል። ግን ተጠንቀቁ፤ የመጀመሪያውን በረራ ትቼ ከመሃል ልሳፈር ማለት አይሠራም። የመጀመሪያው ከቀረ የተከተለው ሁሉ ይሰረዛል።

ዋጋውን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ሠንጠረዥ ነው፤ ከዚህ አህጉር ወደዚያ አህጉር ይህን ያህል ማይል፣ ወይም ይህን ያህል ርቀት ይህን ያህል ማይል ይላል። ሁለተኛው የማይሉ ዋጋ ከትኬቱ የገንዘብ ዋጋ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድበት ነው። ዴልታ ሠንጠረዡን በ2015፣ ዩናይትድ በ2019 አነሱ። በዚህ አሠራር ወንበር አይጠፋም፤ የሚጠፋው አቅም ነው። ትናንት 60 ሺህ የነበረው ዛሬ 200 ሺህ ይሆናል። እኔ በበኩሌ "የለም" የሚለኝን ሠንጠረዥ እመርጣለሁ። ቢያንስ ስንት ማጠራቀም እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ልውሰድ ወይስ ልተው ለሚለው አጭር ስሌት አለ። ከትኬቱ የገንዘብ ዋጋ በማይል ስትቆርጡ የምትከፍሉትን ታክስ ቀንሱና የቀረውን ለማይሉ አካፍሉ። ትኬቱ 900 ዶላር፣ ታክሱ 120 ዶላር፣ ማይሉ 60 ሺህ ቢሆን፣ 780 ለ60 ሺህ ሲካፈል እያንዳንዱ ማይል 1.3 ሳንቲም ይመጣል። ደህና ነው፣ አያስጨፍርም። ቢዝነስ ክላስ 3,600 ዶላር፣ ታክሱ 150፣ ማይሉ 90 ሺህ ከሆነ ደግሞ 3.8 ሳንቲም ይሆናል። ማይል ወዳጆች ይህን ቁጥር እያዩ ነው የሚኮሩት። ትንሽ ራስን ማታለልም አለበት። ለዚያ ወንበር ከኪሳችሁ 3,600 ዶላር ትከፍሉ ነበር? ካልከፈላችሁ 3.8 የሚለው ቁጥር የወረቀት ትርፍ ነው። ጀርባ ዘርግቶ መተኛቱ ግን እውነት ነው፣ እሱን አልክድም።

ታክስ ስል "ነፃ ትኬት" የሚባለው ነፃ አለመሆኑን ልብ በሉ። የኤርፖርትና የመንግሥት ክፍያ አለ። ከብሪታንያ የሚነሳ መንገደኛ ለምሳሌ ከኢኮኖሚ በላይ ከተሳፈረ የአየር ጉዞ ግብሩ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆንበታል። የባሰው ግን አየር መንገዱ ራሱ የሚጨምረው፣ ብዙ ጊዜ የነዳጅ ጭማሪ የሚባለው ነው። በትኬት ላይ ዋይኪው ወይም ዋይአር በሚል ኮድ ይመጣል። አንዳንዱ ፕሮግራም ይህን ጭራሽ አያስከፍልም፤ አንዳንዱ በዚያው በረራ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ እዩት።

ፍለጋው ላይ የሚረዳው ደርሶ መልሱን ለያይቶ መጠየቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስትጠይቁ የመመለሻው መጥፋት የመሄጃውን መገኘት ይደብቅባችኋል። ረጅሙን በረራ መጀመሪያ ያዙ፤ አጭሩ ከጠፋ በገንዘብም ይገዛል። አራት ሰው ሆናችሁ ከሆነ በአንድ ሰው ጀምሩና ቁጥሩን ጨምሩ። ሦስት ቦታ ብቻ ያለው በረራ ለአራት ሰው ሲጠየቅ ባዶውን ነው የሚመጣው።

ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላም ሥራ አለ። በብዙ ፕሮግራሞች የሽልማት ትኬትን ከበረራው በፊት መሰረዝ ከርካሽ የገንዘብ ትኬት ይልቅ ይቀላል፤ ማይሉ በትንሽ ቅጣት ወይም ያለ ቅጣት ይመለሳል። ሳይሰርዙ መቅረት ግን ብዙ ጊዜ ሁሉንም ያስበላል። አየር መንገዱ ራሱ ሰዓት ሲቀይር ደግሞ ዝም ብላችሁ "ተቀበል" የሚለውን አትጫኑ። ደውሉ። ብዙ አየር መንገዶች ትልቅ የሰዓት ለውጥ ሲያደርጉ በዚያው መስመር ወዳለው ሌላ በረራቸው ያዛውራሉ፤ ለዚህ ደግሞ አይ0 ቢሆንም ግድ የለም፣ ሠራተኛው ከሌላ ፊደል ወንበር ማውጣት ይችላል። ያኔ ከአራት ወር በፊት የለም የተባላችሁበት የጠዋቱ ቀጥታ በረራ ሊደርሳችሁ ይችላል።