የመቁረጥ ፍጥነት ምንድን ነው? ለትንሽ ቶርኖ መቁረጫና ዙር አመራረጥ

ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚፍቅ ማሽን) ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “በስንት ዙር ልፍቀው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ብቻውን መልስ የለውም። የብረቱ ዲያሜትር ስንት ነው? ብረቱ ምንድን ነው? መቁረጫውስ ከምን የተሠራ ነው? እነዚህ ካልታወቁ ዙር መናገር ግምት ነው።

የመቁረጥ ፍጥነት ማለት የሚሽከረከረው ብረት ገጽ በመቁረጫው ጫፍ ፊት በደቂቃ ስንት ሜትር ያልፋል ማለት ነው። ዙር ሌላ ነገር ነው፤ ብረቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ነው። በ500 ዙር የሚሽከረከር ባለ 10 ሚሊ ዘንግ ገጹ በደቂቃ ወደ 16 ሜትር ይሄዳል። በዚያው 500 ዙር ባለ 60 ሚሊ ዘንግ 94 ሜትር ይደርሳል። ማሽኑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ ለመቁረጫው ግን ሥራው በስድስት እጥፍ ፈጥኗል።

ፍጥነቱን ይህን ያህል የምንጠነቀቅለት በሙቀት ምክንያት ነው። ብረት ሲቆረጥ ጫፉ ላይ ከፍተኛ ሙቀት ይፈጠራል፤ መቁረጫው ሲግል ደግሞ ጥንካሬው ይለቃል። ድሮ የሚሠራበት የካርቦን ብረት ከ250 ዲግሪ ገደማ በላይ አይችልም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ ፍሬድሪክ ቴይለርና ማንሰል ኋይት ቤተልሔም ስቲል በተባለው ፋብሪካ እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ የሚቋቋም መቁረጫ አወጡ። ዛሬ ኤችኤስኤስ (HSS፣ ሃይ ስፒድ ስቲል) የምንለው የመቁረጫ ብረት ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል። ቴይለር ፍጥነትና የመቁረጫ ዕድሜ እንዴት እንደሚያያዙም በቀመር አስቀምጧል። ለኤችኤስኤስ በተለመደው ስሌት ፍጥነቱን 20 በመቶ ብቻ ብትጨምሩ የጫፉ ዕድሜ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። “ትንሽ ላፍጥነውና ቶሎ ልጨርስ” የሚል ሰው ቀኑን ሲሞርድ የሚውለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለተራ ለስላሳ ብረት በኤችኤስኤስ 25 ሜትር በደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው። ይህን ወደ ዙር ለመለወጥ 8,000ን ለዲያሜትሩ በሚሊ ማካፈል ይበቃል። 20 ሚሊ ከሆነ 400 ዙር፣ 50 ሚሊ ከሆነ 160፣ 8 ሚሊ ከሆነ 1,000። ለአሉሚኒየም ያገኛችሁትን በሦስት አባዙት፤ ለናስ በሁለት። ለስቴንለስ ግማሹን ውሰዱ። ቁጥሩ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ማሽኑ ከተንጫጫ ዝቅ ማድረግ ነው። በፑንታ (በመሰርሰሪያ) ስትበሱ የሚቆጠረው የፑንታው ዲያሜትር ነው፣ የብረቱ አይደለም። የዘንጉን ፊት ስታስተካክሉም መቁረጫው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ፍጥነቱ እየቀነሰ ዜሮ ይገባል። መሃሉ ላይ ሻካራ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ግን ካርባይድ በሚባለው፣ ከኤችኤስኤስ በጠጠረው የመቁረጫ ዓይነት ላይ ነው። ትልልቆቹ ቶርኖ ቤቶች በካርባይድ ስለሚሠሩ፣ በኢንተርኔትም ባለ አሥር ጫፍ ስብስብ በርካሽ ስለሚሸጥ፣ የተሻለው እሱ ይመስላል። ለትልቅ ማሽን እውነት ነው። ካርባይድ ሙቀትን ከኤችኤስኤስ እጅግ በተሻለ ይችላል፤ ለስላሳ ብረትን በ120 ሜትር በደቂቃና ከዚያም በላይ ይፍቃል። ለትንሽ ማሽን ግን ሒሳቡን እንየው። በአንድ ሚሊ ጥልቀት፣ በአንድ ዙር 0.1 ሚሊ እየተራመዳችሁ ስትፍቁ ብረቱ ወደ 250 ኒውተን ኃይል ይጠይቃል። በ30 ሜትር በደቂቃ ይህ 125 ዋት ነው። በ120 ሜትር 500 ዋት ይሆናል። ገበያ ላይ ያሉት የቻይና ሚኒ ቶርኖዎች ሞተራቸው ብዙውን ጊዜ ከ350 እስከ 550 ዋት ነው፤ ከዚያም ላይ በቀበቶና በጥርስ የሚባክን አለ። ማለትም ካርባይዱን በሚፈልገው ፍጥነትና ጥልቀት ልታሠሩት ስትሉ ሞተሩ ያቃስታል። በቀጭን ዘንግ ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ አይገኝም። ለ10 ሚሊ 120 ሜትር ማለት ወደ 3,800 ዙር ነው፤ የእነዚህ ማሽኖች ጣሪያ 2,500 አካባቢ ነው።

ሌላው ጣጣ የጫፉ ቅርጽ ነው። ተራው የካርባይድ ኢንሰርት (እየተቀየረ መያዣው ላይ የሚታሰር ትንሽ መቁረጫ) ጫፉ እንዳይሸረፍ ሆን ተብሎ ትንሽ ደንዘዝ ተደርጎ ይሠራል። ደንዘዝ ያለ ጫፍ ለመቁረጥ ግፊት ይፈልጋል፤ ትንሽ ቶርኖ ደግሞ ሲገፉት ይለመጣል። ስለዚህ ስስ ፍቀት ስትሞክሩ አይቆርጥም፣ ገጹን እያሻሸ ያልፋል። ጥልቀቱን ትንሽ ልጨምር ስትሉ ደግሞ በአንዴ ይገባል።

እኔ ብጠየቅ ጀማሪ መነሻው ኤችኤስኤስ ይሁን እላለሁ። ባለ 8 ሚሊ ማዕዘን ዘንግ ገዝቶ በሞላ (በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ) ስሎ እንደ ምላጭ ማድረግ ይቻላል፤ ስል ጫፍ ደካማ ማሽንን ይምራል። ስትስሉት ሰማያዊ ቢሆንም አትደንግጡ፣ ኤችኤስኤስ በዚያ ሙቀት አይለሰልስም። ለናስ ግን የላይኛውን ፊት ጠፍጣፋ አድርጉት። ወደ ኋላ የተዳፋ ከሆነ ናሱ መቁረጫውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ካርባይድ ጭራሽ አይነካ ማለቴ አይደለም። የካስት አይረን ጠንካራ ቆዳን ወይም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ጠጣር ብረትን ለመንካት ከሱ የተሻለ የለም። ኢንሰርት ስትገዙ ኮዱ ሲሲኤምቲ (CCMT) ከሚባለው ይልቅ ሲሲጂቲ (CCGT) የሚባለውን ፈልጉ። ጫፉ ተሞርዶ የተሳለ ነው፤ ለአሉሚኒየም ተብሎ ቢሸጥም በትንሽ ማሽን ላይ ብረትንም ጥሩ አድርጎ ይፍቃል። ከኮዱ መጨረሻ ያለው ቁጥር የጫፉን ክብነት ይነግራችኋል፦ 02 ማለት 0.2 ሚሊ፣ 04 ማለት 0.4 ሚሊ ነው። ለትንሽ ቶርኖ ትንሹ ይሻላል፤ ክቡ በሰፋ ቁጥር የሚገፋው ኃይል ይጨምራልና። የተቋረጠ ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ ባለ ማዕዘን ብረት ስትፍቁ፣ ካርባይድ በቀላሉ ይሸረፋል።

ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ፍቅፋቂው (ተፍቆ የሚወጣው ብረት) ይናገራል። በኤችኤስኤስ ብረት ስትፍቁ ፍቅፋቂው ብርማ ወይም ቢበዛ ገለባ መሳይ ቢጫ ይሁን። ሰማያዊ ከሆነ ዙሩን ቀንሱ። በካርባይድ ሰማያዊ መሆኑ ችግር የለውም። አሉሚኒየም ጫፉ ላይ እየተለጠፈ ካስቸገረ ጠብታ ነጭ ጋዝ ይበቃዋል።

በዝግታ ስትሠሩ የዙር ቁልፉን ብቻ ወደ ታች አታዙሩ። ብዙዎቹ ማሽኖች ዝቅተኛና ከፍተኛ ማርሽ አላቸው። በከፍተኛው ማርሽ ላይ ሆኖ ዙር መቀነስ ሞተሩን ጉልበት ያሳጣዋል፤ ዝቅተኛው ማርሽ ግን ጉልበቱን ያባዛዋል። በተለይ ዘንግ ቆርጣችሁ ስትለዩ በዝቅተኛው ማርሽ፣ ከተለመደው ዙር በግማሽ፣ መቁረጫውን በተቻለ መጠን አሳጥራችሁ አስራችሁ ሥሩ። በዚህ ጊዜ ቢንጫጫ ዙሩን ከመቀነስ ጋር መቁረጫውን ቆፍጠን ብሎ መግፋት ነው። ፈራ ተባ እያሉ መግፋት መንጫጫቱን ያባብሰዋል።